ከአፍጋን ጎረቤት ጋር እንዴት ወዳጅ እንሁን? ከሰላምታ እስከ ኖውሩዝ

ካቡል በታሊባን እጅ የወደቀችው ኦገስት 15 ቀን 2021 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ከ76 ሺህ በላይ አፍጋኖች ወደ አሜሪካ ገቡ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት እኛም በምናውቀው በደለስ ኤርፖርት ነው። የተወሰኑት እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ኳንቲኮና ፎርት ፒኬት በመሳሰሉ የጦር ሰፈሮች ወረቀታቸው እስኪያልቅ ቆዩ። ከዚያ አፓርታማ ተከራዩ። አሌክሳንድሪያ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ ውድብሪጅ። ሐበሻ ቀድሞ የገባባቸው ሰፈሮች ማለት ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ከአፍጋን ቤተሰብ ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ልጆቻችን አንድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተራ እንጠባበቃለን። ግን ከ«ሃይ» አላለፍንም። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እኛ ጎረቤት ያሳደገን ሰዎች ነን። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ ኖረን ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን መቼ እንደሚጾም ማንም ሳያስተምረን አውቀናል። ለዚህ ጉርብትና የሚያስፈልገው እውቀት አብዛኛው እጃችን ላይ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። አዲስ የገባ ስደተኛ ቤተሰብ ረጂ ብዙም አያጣም። ድርጅቱ አለ፣ በጎ ፈቃደኛው አለ፣ ብርድ ልብስና ድስት የሚያመጣ አለ። የሚያጣው እሱ የሚሰጠውን የሚቀበልለት ሰው ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ «ምን ላድርግላቸው» ብቻ ሳይሆን «ምን ልቀበላቸው» ብላችሁም አንብቡ።

1. ሰላምታውን አስተካክሉ

«ሰላም» በሉ። በቃ፣ ይግባባል። «አሰላሙ አለይኩም» ካላችሁማ ፊታቸው ይፈታል። ወንድ ከሆናችሁ ለሴቷ እጅ አትዘርጉ። ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና ትንሽ ጎንበስ በሉ። እሷ ከዘረጋች ጨብጡ። ሴት ከሆናችሁ ከሴቷ ጋር መሳሳም የተለመደ ነው፣ እኛን አይገርመንም።

ወንዶች የባልየውን ሚስት ስም አትጠይቁ። «ቤተሰብ ደህና ነው?» ማለት ይበቃል። ልጆቻችሁን ደግሞ ትልቋን ሴት «ኻላ ጃን»፣ ትልቁን ሰው «ካካ ጃን» ብለው እንዲጠሩ አስተምሯቸው። አክስቴና አጎቴ እንደማለት ነው። «እትዬ» እና «ጋሼ» ብሎ ያደገ ልጅ አይከብደውም።

ቋንቋቸውን ጠይቁ እንጂ አትገምቱ። ዳሪ ሊሆን ይችላል፣ ፓሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ኡዝቤክኛም አለ። ዐረብኛ ግን አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ይስታል። በዳሪ «ታሻኮር»፣ በፓሽቶ «ማናና» ምስጋና ነው። ሁለቱን ያዙ።

ከየት ናችሁ ሲሏችሁ «ኢትዮጵያ» ካላችሁ በኋላ «ሐበሻ» በሉ። ቁርዓን ቤት የተማረ አፍጋን ሐበሻን ያውቃታል። የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላል ሐበሻ እንደነበረ ያውቃል። የነቢዩ ተከታዮች በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 አካባቢ ከመካ ተሰደው የተጠጉት ነጃሺ ዘንድ፣ አክሱም እንደሆነም ያውቃል። የስደተኛ ጎረቤት ለመሆን ከዚህ የተሻለ መግቢያ እኔ አላውቅም።

2. ቀድማ የምትሄደው ሴቷ ትሁን

ከመጡት አባቶች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ጦር ወይም ድርጅቶች ጋር የሠሩ ናቸው። እንግሊዝኛ ይችላሉ። ቶሎ ሥራ ይገባሉ፣ ኡበር ይነዳሉ፣ ዌርሃውስ ያድራሉ። ቤት የምትቀረው እናትየዋ ናት። ቋንቋ የላትም፣ መኪና የላትም፣ እናቷና እህቶቿ ካቡል ወይም ኢስላማባድ ቀርተዋል። ቀኑ የሚረዝመው ለእሷ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ቤት እናት፣ እህት ወይም አያት ቀድማ ታንኳኳ። በሩን ልጅ ቢከፍት «እማዬ አለች?» ብላ ትጠብቅ። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሮ ታያላችሁ። ግቡ ካሏችሁ እናንተም አውልቁ።

3. የመጀመሪያው ሰሃን የጾም ምግብ ይሁን

የዚህ መመሪያ ዋናው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስፋው።

ሥጋ አትላኩ። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም እንደማይበላ እናውቃለን። አገር ቤት ሠርግ ስንደግስ ለሙስሊም እንግዶች ራሳቸው አርደው የሚያበስሉበትን ለይተን የምናዘጋጀው ለዚህ ነው። የጾም ምግብ ግን ችግሩን ከሥሩ ይፈታዋል። ሥጋ የለው፣ የእንስሳት ስብ የለው። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮትና በድንች፣ ፎሶሊያ። ምንም ሳይጠይቁ ሊበሉት የሚችሉት ማዕድ ነው።

በርበሬ ቀንሱ። የአፍጋን ምግብ ቅመም አለው እንጂ እንደኛ አያቃጥልም። ለመጀመሪያ ቀን አልጫው ይብዛ፣ ቀይ ምስሩ ጥግ ላይ ትንሽ ይሁን። አዋዜ ከመጨመራችሁ በፊት እንዴት እንደተሠራ እወቁ። ብዙ ሰው አዋዜን በጠጅ፣ በአረቄ ወይም በወይን ጠጅ ነው የሚያርሰው። አንዳንዱ ቤት በርበሬው ራሱ ሲዘጋጅ ይረጭበታል። እናንተ ረስታችሁት እነሱ ቢበሉት ይቅርታው ይከብዳል። ተጠራጠራችሁ? ተዉት።

እንጀራው አያስደነግጣቸውም። አፍጋንም ምንጣፍ ላይ ደስታርኻን የሚሉትን የማዕድ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ከአንድ ሳህን በእጁ የሚበላ ሕዝብ ነው። የሚያስቸግራቸው ጎምዛዛነቱ ነው። ስለዚህ አብራችሁ ዳቦ ላኩ። ድፎ ዳቦ ወይም አምባሻ ጥቁር አዝሙድ ነስንሳችሁ ብትጋግሩ ወዲያው ይገባቸዋል፣ የእነሱም ናን ላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነሳል። እኔ ብትጠይቁኝ እንጀራው ለሁለተኛው ሰሃን ይቆይና መጀመሪያ የሚሄደው ገና ትኩስ የሆነ ድፎ ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፦ የሚጣል የፕላስቲክ ዕቃ አትጠቀሙ። የቤት ሰሃን ላኩ። የቤት ሰሃን መመለስ አለበት፣ ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም።

4. ሰሃኑ ሲመለስ ተቀበሉ

ምናልባት በማግስቱ፣ ምናልባት በሳምንቱ ልጅየው ሰሃናችሁን ይዞ ያንኳኳል። ላዩ ላይ ቦላኒ ይኖራል። ስስ ሊጥ፣ ውስጡ ድንች ወይም ባሮ ሽንኩርት፣ በዘይት የተጠበሰ። አብሮ እርጎ ይመጣል። እርጎውን ለብቻ አስቀምጡት እንጂ ቦላኒው ራሱ ብዙ ጊዜ የጾም ነው።

ከበድ የሚለው ቃቡሊ ፓላው ሲመጣ ነው። ሩዝ፣ ካሮት፣ ዘቢብ፣ ከሥሩ የበግ ሥጋ። እንግዳ የሚከበርበት ምግባቸው ነው። ሁዳዴ ላይ ሊመጣ ይችላል። ሁዳዴ ባይሆንም የሙስሊም እርድ የማትበሉ ሰዎች ልትሆኑ ትችላላችሁ። በር ላይ አትመልሱት። በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ አመስግኑ። ከዚያ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ፣ ተረጋግታችሁ ስትቀመጡ፣ በግልጽ ንገሯቸው። «እኛ ረቡዕና ዓርብ፣ ከፋሲካ በፊት ደግሞ 55 ቀን፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አንበላም። በሌላውም ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ስለ እርድ ያላት ሥርዓት ከናንተ ጋር ይመሳሰላል።» ያለ ምንም ማብራሪያ ይገባቸዋል። ለሃይማኖቱ የሚጠነቀቅ ሰው ያስከብራል እንጂ አያስቀይማቸውም። የሚያስቀይመው ሳትናገሩ ቆይታችሁ ምግባቸው ሲጣል ማየታቸው ነው። (እዚህ አገር ከመጣ በኋላ የሐላል ሥጋ የሚበላም ሐበሻ አለ። ያ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው።)

ሙስሊም አንባቢዎቼ ይህን ክፍል እለፉት። እናንተ አንድ ሥጋ ቤት ትገዛላችሁ፣ ዒድም አንድ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሁላችንንም ይመለከታል። ስታቀርቡላቸው መጀመሪያ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይላሉ። አትመኑ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጋብዙ። እነሱም ሲያቀርቡ እንደዚያው ነው። አፍጋንን «በሞቴ» ማለት አያስፈልግም፣ በልቡ ቀድሞ ብሎታል።

5. ቡና አፍሉላቸው

ከመቁላታችሁ በፊት ስለ ጭሱ ንገሯቸው። ይሄ ቀልድ አይደለም። አፓርታማ ውስጥ ቡና ሲቆላ የጭስ አላርሙ ይጮኻል። እኛ ፎጣ አራግበን እንስቃለን። ከጦርነት የመጣች እናት ግን ድንገተኛ ጩኸት ሲሰማ ልጆቿን ትሰበስባለች። ቡናውን መስኮት ከፍታችሁ፣ የምድጃውን ማራገቢያ አብርታችሁ ቁሉ። እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ቆልታችሁ ብትጨርሱ ደግሞ ይሻላል። ከሰል ቤት ውስጥ አታያይዙ፣ ጋዙ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ማጨሻ በየሐበሻ ሱቁ አለ።

አፍጋን የሻይ ሕዝብ ነው። አረንጓዴ ሻይ በሄል ይጠጣሉ። በጎን አንድ ፍላሽ አዘጋጁ። ቡናውን ለክብራችሁ ይቀምሱታል፣ ሻዩን ይጠጡታል። ፈንዲሻ፣ ቆሎ፣ ዳቦ አቅርቡ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ መቀመጥ ግን አይቸግራቸውም። እንዲያውም ይሄ አገር ሰው ተቻኩሎ ስለሚነሳ የሚከፋቸው ናቸው።

ጉርሻ ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ፣ ለልጅ ደግሞ ሁሉም። ወንድ ለጎረቤቱ ሚስት አያጎርስም። ቢራና ጠጅ ጠረጴዛው ላይ አይኑር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

6. እነሱ ካልጀመሩት አትጠይቁ

እንዴት ወጣችሁ? ማን ቀረ? ታሊባን ምን አደረጓችሁ? አትጠይቁ። በዚያ ነሐሴ ኤርፖርቱ በር ላይ የነበረውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። መናገር የፈለገ ቀን ራሱ ይናገራል፣ ያን ቀን ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙ።

ከሁሉ በላይ ግን «ፓሽቱን ነህ ወይስ ሃዛራ?» አትበሉ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሆዱ የሚረበሽ ሕዝብ ሆነን፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘን ሰው ቤት መግባት የለብንም። እርስ በርሳቸውም ቁስል አለባቸው። አንድ ሕንፃ ላይ ያሉ ሁለት የአፍጋን ቤተሰቦች ካልተነጋገሩ ለማስታረቅ አትሩጡ።

7. ወረቀት ላይ ስትረዱ ወሰን አብጁ

ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ከትምህርት ቤት፣ ከፉድ ስታምፕ፣ ከሆስፒታል። የቱ አስቸኳይ የቱ ማስታወቂያ እንደሆነ መለየት ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው። እኛ መጀመሪያ የመጣን ጊዜ ያንን የለየልን ሰው እስከዛሬ አይረሳንም።

የልደት ቀን ላይ ታገሷቸው። አፍጋኖችም እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ዓመቱ በማርች ይገባል። ከፈረንጁ በ621 ወይም በ622 ያንሳል፣ ለምሳሌ በማርች 2025 የገባው 1404 ነው። ሲገለበጥ ቀን ይዛነፋል። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈበት ደግሞ ትክክለኛ የልደት ቀኑ ስላልተመዘገበ ነው። ፓስፖርት ሲያወጣ ከግዕዙ አቆጣጠር ጋር የታገለ ሐበሻ ይህን ማስረዳት አይከብደውም። ቅጾቹ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ቀን መጻፉን ብቻ አረጋግጡላቸው።

ሁለት ወሰን አለ። አንደኛ፣ የኢሚግሬሽን ምክር አትስጡ። «የእኔ ዘመድ እንዲህ አድርጎ ተሳክቶለታል» ማለት የሰው ሕይወት ሊያበላሽ ይችላል። የነሱ መንገድ ከኛ ይለያል፣ ሕጉም በየጊዜው ይቀያየራል። ወዳመጣቸው ድርጅት ወይም ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ ላኳቸው። ሁለተኛ፣ ሐኪም ቤት ልጅ እንዳያስተረጉም ንገሯቸው። ሆስፒታሎች በስልክ አስተርጓሚ አላቸው፣ ለታካሚው ነፃ ነው። ሲደውሉ «ዳሪ» ወይም «ፓሽቶ» ብለው በስሙ ይጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም መተርጎም የለበትም።

መኪና መንዳት ለመማር ትጠይቅ ይሆናል። ሴት ታስተምራት።

8. ልጆቹን ልቀቋቸው

ይሄ ራሱን ይሠራል። ኳስና ሜዳ በቂ ነው። የልደት ግብዣ ላይ ግን ፔፐሮኒ አታዙ፣ የአሳማ ሥጋ አለበት። እኛም እኮ አሳማ አንበላም። ማርሽሜሎና ለስላሳ ከረሜላ ላይ ጀላቲን የሚል ካለ ተዉት፣ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ይሠራል። ቺዝ ፒሳ ለሁሉም ይሆናል፣ የጾም ቀን ካልሆነ። እደሩ ብላችሁ ልጅ አታስቀሩ፣ በተለይ ሴት ልጅ። እምቢ ማለት ያሳፍራቸዋል።

9. ረመዳንና ኖውሩዝ

በረመዳን የምትልኩት ሰሃን ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ይድረስ። ዘግይቶ ከመጣ ማዕዱ ተዘርግቶ ነው። የምስር ሳምቡሳ ላኩ። እነሱም ሳምቡሳ አላቸው፣ ስሙ ሳይቀር ይቀራረባል። በ2026 ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 16 ገባ፣ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ገባ። እንዲህ ሲገጣጠም የሁለታችንም ቤት ቀኑን ሙሉ ድስት አይጣድም። ማታ አንድ ላይ ብንፈታ ምን ይለናል?

ኖውሩዝ አዲስ ዓመታቸው ነው። ማርች 20 ወይም 21 ላይ ይውላል። ፋሲካችን ቢቀድምም ቢዘገይም ያ ቀን ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው። ጾመኛ በግብዣ ቀን ምን ይበላል ትሉ ይሆናል። መልሱን ራሳቸው ሠርተው አስቀምጠውታል። ሃፍት ሜዋ ይባላል፣ ሰባቱ ፍሬ። ዘቢብ በሁለት ዓይነት፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ አልመንድ፣ ዋልነት፣ ፒስታሽዮ፣ ሰንጀድ የሚባል የደረቀ ፍሬ። ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፍና ለሁለት ቀን ያህል ይቀመጣል። የአልመንዱና የዋልነቱ ልጣጭ በጣት ይላጣል፣ አድካሚው ሥራ እሱ ነው። ስኳር አይገባበትም። ውኃው ራሱ ከዘቢቡና ከአፕሪኮቱ ጣፍጦ የማር ቀለም ይይዛል። በጎድጓዳ ብርጭቆ በማንኪያ ይቀርባል። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። ከሦስት ሰዓት ቅዳሴ ተመልሳችሁ ብትጠጡት ጉልበት የሚሆን የጾም መጠጥ ነው።

እናም ከኖውሩዝ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሂዱና ልጣጩን አብራችሁ ላጡ። ቋንቋ ባይኖርም የጋራ ሥራ ካለ ሰው አይተፋፈርም። ጎመን ስንቀነጥስ፣ ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ እናውቀዋለን። ሁሉም አፍጋን ኖውሩዝን አያከብርምና መጀመሪያ ጠይቁ። በአጸፋው ለእንቁጣጣሽ ጥሯቸው፣ ልጆቻቸውም ከልጆቻችሁ ጋር አበባ ይሳሉ።

10. ክፉ ቀን

መርዶ በስልክ ይመጣል። እኛ እንደምናውቀው። ቀብር የለ፣ ድንኳን የለ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ መቀመጥ ብቻ። ፋቲሃ ይሉታል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ይቀመጣሉ። ሂዱ። ለመናገር አትጨነቁ። ሴቶች ፀጉራቸውን በነጠላ ይሸፍኑ። የሻይ ፍላሽ፣ ውኃ በካርቶን፣ ዳቦ ይዛችሁ ግቡ፣ ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ። ዕድር ያላችሁ ወንበርና ትልቁን የሻይ ማፍያ አውሱ፣ አስመልሱ። ልጆቻቸውን ለጥቂት ሰዓት ውሰዱላቸው።

የእናንተ ቀን ሲመጣ ደግሞ ንገሯቸው። «ምን አስቸገርኳቸው» ብላችሁ አትደብቁ። መጥተው ይቀመጡ፣ ሻይ ያፍሉላችሁ።

11. ሲለቁ

ኪራይ ይጨምራል፣ ቤተሰብ ይሰፋል፣ ራቅ ብሎ ርካሽ ቤት ይገኛል። አንድ ቀን ይለቃሉ። ካርቶን አሰባስቡላቸው፣ የምታውቁት ሐበሻ ቫን ካለው ለምኑላቸው። ከዚያ ይህንን አደራ በሏቸው፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው አድራሻ ሲቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል፣ አይከፈልበትም። ጉዳይ የተከፈተ ካለ ጠበቃቸውም አዲሱን አድራሻ ይወቅ። ፖስታ ቤትም ለብቻው ይነገረዋል። የቀጠሮ ደብዳቤ አሮጌው ሳጥን ውስጥ ቀርቶ ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። አዲሱ ተከራይ እስኪገባ የሚመጣውን ፖስታ እንድትሰበስቡላቸው ተስማሙ። የእናትየዋን የዋትሳፕ ቁጥር ለብቻው ያዙ፣ የባልየው ብቻ አይበቃም። የተረፈ ሰሃን ካላችሁም ከመሄዳቸው በፊት ሞልታችሁ መልሱ።